መርፌው እንቁላሌን ይጨርስብኛል?

ከአዲሎ የመጣችው ሴት ጥቁር ፌስታል ይዛ ነበር። ፈታችውና ስምንት ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያዎችን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ደረደረች። ሁሉም አንድ ዓይነት መድኃኒት ነበሩ፤ ክሎሚፌን። ዕድሜዋ 29 ነው፣ ከተዳረች ሰባት ዓመት ሆኗታል፣ አንድም ጊዜ አላረገዘችም።

ያኔ በከምባታ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የምሠራ ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ። ከስምንቱ ማሸጊያዎች አምስቱን ያለ ማዘዣ፣ ባዶውን ማሸጊያ ለመድኃኒት ሻጭ እያሳየች ነበር የገዛቻቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ግን ሐኪም ነው ያዘዘላት። ያ ሐኪም እኔ ነበርኩ። ወረፋ በበዛበት ቀን መጥታ፣ «ልጅ እምቢ አለኝ» ስትለኝ ማዘዣ ጽፌ ሰጠኋት። ስለ ባለቤቷ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም፤ የማሕፀን ቱቦዋ ክፍት ይሁን ዝግ አላሰብኩበትም።

በዚያ ቀን የመጣችው ግን መድኃኒት ፍለጋ አልነበረም። «ዶክተር፣ አዲስ አበባ ያለችው የባለቤቴ እህት እዚህ መጥተሽ መርፌ ተወጊ፣ በመሣሪያ ይሠሩልሻል ትለኛለች። አማቴ ደግሞ ልጄ፣ መርፌው ያለሽን እንቁላል በአንዴ ይጨርስብሻል፣ ከዚያ ተስፋም የለሽ ይሉኛል። ያለ መርፌ በተፈጥሮ የሚሠራም አለ ይባላል። እውነቱ የቱ ነው?» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሴቶች ሰምቼዋለሁ። አንዳንዶቹ በፍርሃቱ ምክንያት ሕክምናውን ትተው ዕድሜያቸው አልፎባቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ እንደዚህች ሴት ሳይመረመሩ መድኃኒቱን እንደ ከረሜላ ወስደውታል። ሁለቱም ወገን የሚጎዳው እንቁላል የሚያመርተው አካል እንዴት እንደሚሠራ ስላልተነገረው ነው። ስለዚህ እሱን ዛሬ በዝርዝር ልንገራችሁ።

ሐኪሞች ኦቫሪ የምንላቸው ሁለቱ የእንቁላል ዕጢዎች በማሕፀን ግራና ቀኝ ይገኛሉ። ሴት ልጅ ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ ያልበሰሉ እንቁላሎችን ይዛ ትወለዳለች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህሉ ይቀራሉ። በሕይወት ዘመኗ በስለው የሚወጡት ግን ከ400 እስከ 500 ቢሆኑ ነው። የቀሩት የት ገቡ? ከስመው ጠፉ። ብታረግዝም ባታረግዝም፣ የእርግዝና መከላከያ ብትወስድም ባትወስድም፣ በየወሩ ብዙ እንቁላሎች ለመብሰል ተነሥተው መንገድ ላይ ይከስማሉ። የአማቷን ፍርሃት ለመመለስ ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እያንዳንዱ እንቁላል የሚያድገው ፎሊክል በሚባል ውኃ በቋጠረ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው። የከረጢቱ ግድግዳ ከሁለት ዓይነት ህዋሳት የተሠራ ነው። የውጭዎቹ ቴካ፣ የውስጦቹ ግራኑሎሳ ይባላሉ። ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚሠሩት ተባብረው ነው። የውጭዎቹ ህዋሳት መጀመሪያ የሚያመርቱት፣ ብትደነቁም፣ የወንድ ሆርሞን የምንለውን ዓይነት ነው። ይህ ወደ ውስጥ ይዘልቅና የውስጦቹ ህዋሳት አሮማቴዝ በሚባል ኢንዛይም ወደ ኢስትሮጅን ይቀይሩታል። አንዱ ቡና ይቆላል፣ ሌላው ይወቅጣል እንደማለት ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው ቤንት ፋልክ የተባለ የስዊድን ተመራማሪ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1959። ጥቃቅን የኦቫሪ ቁራጮችን አይጥ ዓይን ውስጥ ተክሎ የትኛው ህዋስ ሆርሞን እንደሚሠራ ተመለከተ። የውጭዎቹ ለብቻቸው፣ የውስጦቹም ለብቻቸው ሲሆኑ ኢስትሮጅን አልሠሩም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሠሩ።

ሁለቱም ህዋሳት ትእዛዝ የሚቀበሉት ከጭንቅላት ሥር ካለች ፒቱታሪ ከምትባል የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ ነው። የውጭዎቹን የሚያዘው ኤልኤች፣ የውስጦቹን የሚያዘው በዋናነት ኤፍኤስኤች የተባለ ሆርሞን ነው።

አሁን ወደ ማሳ ልውሰዳችሁ። በቆሎ የዘራ ገበሬ በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ፍሬ ይጥላል፤ ሲበቅል ጠንካራውን ትቶ የቀረውን ያሳሳል። ሰውነትም በየወሩ እንዲሁ ያደርጋል። በወር አበባ መጀመሪያ ቀናት ኤፍኤስኤች ከፍ ስለሚል ብዙ ከረጢቶች አብረው ማደግ ይጀምራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ፈጥኖ ያድግና ብዙ ኢስትሮጅን ማመንጨት ይጀምራል። ኢስትሮጅኑ ወደ ጭንቅላት ደርሶ «ይበቃል» ይላል፤ ኤፍኤስኤች ይቀንሳል። ውኃው ሲቀንስ ትንንሾቹ ይደርቃሉ፤ ሥሩን የሰደደው አንዱ ግን በጥቂቱም መኖር ይችላል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የደም ኢስትሮጅን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ200 እስከ 400 ፒኮግራም ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ጭንቅላት በድንገት ብዙ ኤልኤች ይለቃል፤ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላሏ ትወጣለች። በተፈጥሮ አንድ ወር አንድ እንቁላል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ክሎሚፌን በዚህ መሐል ምን ያደርጋል? ጭንቅላት ኢስትሮጅንን እንዳያይ ዓይኑን ይሸፍነዋል። ጭንቅላትም «ኢስትሮጅን የለም» ብሎ ኤፍኤስኤች ይጨምራል። ሌትሮዞል የተባለው ሌላ መድኃኒት ደግሞ የአሮማቴዝን ሥራ ለጥቂት ቀናት ያግዳል፤ ኢስትሮጅን በእርግጥ ይቀንስና ጭንቅላት ያው ኤፍኤስኤች ይጨምራል። ሌትሮዞል ታዞላችሁ ማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት ስለ ጡት ካንሰር ቢያወራ አትደንግጡ፤ መጀመሪያ የተሠራው ለዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የወር አበባቸው በፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ምክንያት በተዛባባቸው ሴቶች ላይ ሁለቱን አወዳድሮ ነበር። ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፌን ከወሰዱት 19.1 በመቶ የሚሆኑት ልጅ ወልደዋል።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ክኒኖች የሚጠቅሙት በዋናነት እንቁላሏ በየወሩ ለማትወጣ ሴት ነው። ከአዲሎ የመጣችው ሴት የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ሰዓት እንደተሞላ ይመጣ ነበር። እንቁላሏ ያለ ማንም እርዳታ ይወጣ እንደነበር ይህ ብቻውን በቂ ጥቆማ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የከፈትንላት ያልተዘጋ በር ነበር።

መርፌው ግን ሌላ ነው። መርፌው ራሱ ኤፍኤስኤች ነው፤ አንዳንዱ ኤልኤችም አለበት። በነገራችን ላይ የመጀመሪያዎቹ የዚህ ዓይነት መርፌዎች የተሠሩት ካረጡ ሴቶች ሽንት ነው። ካረጠች በኋላ የሴት ጭንቅላት መልስ የማይሰጠውን ኦቫሪ እየጠራ ብዙ ኤፍኤስኤች ይለቃል፤ ትርፉም በሽንት ይወጣል። በጣሊያን ለመድኃኒቱ ሽንታቸውን ከሰጡት መካከል አረጋውያን መነኮሳይያት ነበሩ። የራሳቸው ልጅ የሌላቸው እናቶች ለስንቱ ልጅ ምክንያት እንደሆኑ ሳስብ ይገርመኛል። ዛሬ ብዙው መርፌ በላቦራቶሪ የሚመረት ነው።

መርፌው በየቀኑ ሲሰጥ ጭንቅላት «ይበቃል» ቢልም ውኃው አይቀንስም። ስለዚህ ሊደርቁ የነበሩት ትንንሽ ከረጢቶችም አብረው ያድጋሉ። አንድ ሳይሆን ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንቁላል ይበስላል። አሁን ወደ አማቷ ፍርሃት ልመለስ። እነዚያ ተጨማሪ እንቁላሎች ከሚቀጥለው ወር ወይም ከሚቀጥለው ዓመት የተበደሩ አይደሉም። በዚያው ወር ለመብሰል ተነሥተው በዚያው ወር ሊከስሙ የነበሩ ናቸው። ገበሬው ሊነቅላቸው የነበሩትን በቆሎዎች ውኃ አጠጥቶ እንዳሳደጋቸው ቁጠሩት፤ ጎተራው ውስጥ ያለው ዘር አልተነካም። መርፌው እንቁላል አይጨርስም፤ ማረጥንም አያፈጥንም።

ይህ ማለት ግን ሰውነት ምንም ልዩነት አያይም ማለት አይደለም። ብዙ ከረጢቶች አብረው ሲሠሩ የደም ኢስትሮጅን ከ1,000 ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም 2,000 እና 3,000 ፒኮግራም ይደርሳል። የሚገርመው ነገር፣ እያንዳንዱ ከረጢት ለብቻው ሲታይ ግን በተፈጥሮ ካደገው ያነሰ ነው የሚሠራው። በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ያለ መድኃኒት ካደገ ከረጢትና በመርፌ ካደጉት የተቀዳውን ፈሳሽ አወዳድረው፣ በተፈጥሮ ያደገው ውስጥ ኢስትሮጅንም፣ የወንድ ሆርሞኑም ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ምክንያቱ ከላይ ካልኩት ጋር ይገጥማል፤ በመርፌው ሕክምና የሰውነት ኤልኤች ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋል፤ ኤልኤች ሲያንስ የውጭዎቹ ህዋሳት ለውስጦቹ የሚያቀብሉት ጥሬ ዕቃ ያንሳል። ይህ በእንቁላሉ ጥራት ላይ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። በእኔ አስተያየት አንዲት ሴት በዚህ ምክንያት ብቻ መርፌውን ልትሸሽ አይገባም።

ሁለተኛው ልዩነት እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ይመጣል። ባዶው ከረጢት ወደ ቢጫ አካል ይለወጥና ፕሮጄስትሮን ያመርታል፤ ማሕፀን ጽንሱን እንዲቀበል የሚያሰናዳው ይህ ሆርሞን ነው። ቢጫው አካል ለሁለት ሳምንት ያህል የሚቆየው ከጭንቅላት ጥቂት ጥቂት ኤልኤች እያገኘ ነው። በመርፌው ሕክምና ግን ከመጠን ያለፈው ሆርሞን ጭንቅላትን ጸጥ ስለሚያሰኘው ቢጫው አካል ቀድሞ ይደክማል። በማሕፀን የሚቀመጥ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ፕሮጄስትሮን የሚታዘዘው ለዚህ ነው። «አርግዣለሁ፣ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡት።

ይህ ነገር ታሪክም አለው። ሮበርት ኤድዋርድስና ፓትሪክ ስቴፕቶ የተባሉት እንግሊዛውያን፣ ከረዳታቸው ጂን ፐርዲ ጋር፣ ከማሕፀን ውጭ ጽንስ ለመፍጠር ለዓመታት የደከሙት መጀመሪያ ሴቶችን በመርፌ እያነቃቁ ነበር። ጽንሱ ይፈጠራል፤ ማሕፀን ውስጥ ግን አይጸናም። ኤድዋርድስ የእንቁላሉ መድኃኒት ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እያበላሸ ነው ብሎ ጠረጠረ። ስለዚህ ሁለቱም ቱቦዎቿ ለተዘጉባት ሌስሊ ብራውን መርፌውን ትተው፣ በተፈጥሮ የበሰለችውን አንዲት እንቁላል ጠብቀው ወሰዱ። ከዚያች አንዲት እንቁላል ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 ተወለደች፤ በዓለም በዚህ መንገድ የተወለደች የመጀመሪያዋ ልጅ ናት። ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ብዙም ሳይቆይ በአውስትራሊያና በአሜሪካ የነበሩ ሐኪሞች መርፌውን አስተካክለው በመጠቀም የተሻለ ውጤት አገኙ፤ ዓለምም ወደዚያ ዞረ።

እንግዲህ «ያለ መርፌ በተፈጥሮ» የሚባለው ሕክምና ወሬ አይደለም፤ አለ። ዋጋው ይቀንሳል፤ ኦቫሪ አላግባብ የማበጥ አደጋውም የለም ማለት ይቻላል። ግን የሚገኘው አንድ እንቁላል ነው፤ አንዳንዴ ባዶ ይሆናል፤ አንዳንዴ ሳይቀዳ ቀድሞ ይወጣል። በአንድ ሙከራ የመውለድ ዕድሉ ከመርፌው በግልጽ ያነሰ ነው። ለአዲሎ ሴት ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ጭንቅላት ኤልኤች የሚለቅበትን ሰዓት የሚወስነው ሐኪሙ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው። አዲሎ ሆና ብትጠብቅ እንቁላሏ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች። ተፈጥሯዊው መንገድ ለሩቅ አገር ሰው የሚቀል ቢመስልም፣ ለክትትሉ አዲስ አበባ መቀመጥ ግዴታ ነው። በመርፌው ቢያንስ ቀኑን ሐኪሙ ሊቆርጠው ይችላል።

መርፌውም ቢሆን ያለ ክትትል የሚወሰድ አይደለም። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ቀናት በሚዘልቀው ጊዜ አልትራሳውንድ ደጋግሞ ይነሣል፤ ከረጢቶቹ ይለካሉ፤ ከመጠን በላይ ከሆኑ መጠኑ ይቀየራል ወይም ሙከራው ይቆማል። ሳይታይ ሲቀር ኦቫሪ ክፉኛ ያብጣል፤ ፈሳሽ ከደም ሥር ወጥቶ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። መርፌ ከተወጋችሁ በኋላ ባሉት ቀናት ሆዳችሁ በፍጥነት ከተነፋ፣ ክብደታችሁ በቀናት ውስጥ ከጨመረ፣ ሽንታችሁ ካነሰ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም አንድ እግራችሁ አብጦ ካመማችሁ ለቀጠሮ አትጠብቁ። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱና መርፌ መወጋታችሁን ተናገሩ። እናንተ ካልተናገራችሁ ተረኛው ሐኪም የጨጓራ ነው ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል።

ወደ እንግዳዬ ልመለስ። በዚያ ቀን ያደረግኩት መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ነው። ባለቤቷን አስጠራሁት። «እኔ ምን ሆኜ?» ብሎ ነበር የገባው። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ምክንያቱ በወንዱ በኩል ወይም በሁለቱም በኩል መሆኑን፣ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ርካሹና የማያመው መሆኑን ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና ተስማማ። ውጤቱ ደህና ሆነ። እሷ ሆሳዕና ሄዳ በማሕፀን ቀለም ተሰጥቷት ራጅ ተነሣች። ሁለቱም ቱቦዎቿ ዝግ ናቸው። ምናልባት ከዓመታት በፊት ሳይታከም ያለፈ የማሕፀን ኢንፌክሽን ይሆናል፤ በአገራችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንቁላሏ በየወሩ ይወጣል፣ መንገድ የለውም። ክኒኑ ስምንት ሳይሆን ሰማንያ ማሸጊያ ቢሆን ኖሮም አይጠቅማትም ነበር።

ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት የሚቀረው ከማሕፀን ውጭ ጽንስ መፍጠር ነው። ቀድሞ ይህ ማለት ህንድ ወይም ሌላ አገር መሄድ ነበር፤ ለአዲሎ ገበሬ ደግሞ የለም እንደማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ግን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። በመንግሥት ተቋም ደረጃ የመጀመሪያው ነው። ወረፋው ይረዝማል፤ መጉላላትም አለ፤ ግን በር አለ። እሷም ተመዝግባ ወረፋ ስትጠብቅ ነው የተለያየነው። የመጨረሻ ጥያቄዋ ስለ መርፌ አልነበረም፤ ለሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ማን ቤት እንደምታርፍ ነበር። የባለቤቷ እህት ቤት እንድታርፍ ተስማሙ። አማቷም አብረው ሊሄዱ አሰቡ፤ መርፌው እንቁላል እንደማይጨርስ ያስረዳቻቸው ራሷ ነች፤ በከምባትኛ፣ በበቆሎው ምሳሌ።

እናንተም ከ35 ዓመት በታች ሆናችሁ ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክራችሁ፣ ከ35 በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካላረገዛችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ተመርመሩ። እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ መርፌውን የሚያዙት የዘርፉ ስፔሻሊስቶች ናቸው። ወደ እነሱ ስትላኩ ሥራቸው የሚፈጥነው ግን ይዛችሁ በምትሄዱት ነገር ነው። የወር አበባ የመጣባቸውን ቀናት ቢያንስ የስድስት ወር በወረቀት ጻፉ። የባልን የዘር ፈሳሽ ውጤት፣ በቀለም የተነሣውን ራጅ ከነፊልሙ፣ ያላችሁን የአልትራሳውንድ ወረቀት ሁሉ ያዙ። የወሰዳችሁትን መድኃኒት ስም ካላስታወሳችሁ ባዶ ማሸጊያውን በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ እኔን ስህተቴን ያሳየኝ እሱ ነው።